ሦስት መቶ ስም፣ አሥራ ዘጠኝ ድምፅ፦ የኦንላይን በጎ ፈቃደኞችን ድምፅ ማሰጠት ለሚፈልግ አስመራጭ

ያለሁበት ስብስብ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚለማመዱባቸውን ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው እያዘጋጀ በነፃ ይለቃል። ደመወዝ የለም፣ ቢሮ የለም፤ ያለን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግማሾቻችን አዲስ አበባና ባሕር ዳር ነን፤ የቀሩት ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭና ስቶክሆልም ናቸው።

አንድ ቀን «ማብራሪያ በጽሑፍ መሥራት ትተን ወደ ቪዲዮ እንሂድ?» የሚል ፖል ተለጠፈ። ግሩፑ ውስጥ ከ300 በላይ ስም አለ። ድምፅ የሰጠው 19 ሰው፣ «አዎ» ያለው 11። አድሚናችን በማግስቱ «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ፒን አደረገው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቪዲዮ አልተሠራም። በአራተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ የፊዚክስ ጥያቄ የምታዘጋጅልን እህት «ለመሆኑ ይሄ ነገር መቼ ተወሰነ?» ብላ ጠየቀች። ግሩፑን ሚዩት ስላደረገችው ፖሉን አላየችውም። ሥራውን በትክክል ከሚሠሩት አርባ ከሚሆኑ ሰዎች መሃል ብዙዎቹ እንደ እሷ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አስመራጭ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ መቼም ያጉረመረመ ይሾማል። ከዚህ በታች ያለው እየተሳሳትኩ የተማርኩትና ከእኛ እጅግ የሚበልጡ የበጎ ፈቃድ ስብስቦች ከሚሠሩበት የቀዳሁት ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። አብዛኛው ሥራ ያለው ፖሉ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ግሩፕ ላይ «እባካችሁ ድምፅ ስጡ» እያሉ መለመን የሚመጣው ያ ሥራ ሳይሠራ ሲቀር ነው።

1. ድምፅ የማያስፈልገውን አስቀድማችሁ አውጡ

ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ «ድምፅ ስጡ» ከተባለ አራተኛውን አያየውም። የሎጎው ቀለም፣ የፋይል አሰያየም፣ ስብሰባው ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ የሚለው ድምፅ አይፈልግም። በአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን (በበጎ ፈቃደኞች የሚሠሩ ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን የሚያቅፍ ድርጅት ነው) ሥር ያሉ ፕሮጀክቶች ለእንዲህ ያለው ነገር ቀላል ዘዴ አላቸው። አንዱ ሊያደርግ ያሰበውን ይጽፋል፣ ለሚቃወም ሰው ጊዜ ይሰጣል፣ ማንም ካልተቃወመ ይሠራዋል። የተለመደው ጊዜ ቢያንስ 72 ሰዓት ነው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው የሚነሣበት ስብስብ ስለሆነ ከዚያ ካነሰ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

እኛ ዘንድ ይሄ ዘዴ አንድ እንከን አለው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ሰው ዝምታው እንደ ስምምነት እንደሚቆጠር ካልተነገረው በሆዱ እየተቃወመ ዝም ይላል፤ በኋላ ግን ሥራው ላይ አይገኝም። ስለዚህ በግልጽ ጻፉት፦ «እስከ እሑድ ማታ ተቃውሞ ካልመጣ እንደተስማማችሁ ቆጥሬ እሠራዋለሁ። በኢንቦክስም መቃወም ይቻላል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ፤ ከሚመጡልኝ ተቃውሞዎች አብዛኞቹ በእሷ በኩል ነው የሚገቡት።

ለድምፅ የሚቀረው ገንዘብ፣ ሰው መሾምና ማስወጣት፣ ደንብ መቀየር እና የሥራውን አቅጣጫ መለወጥ ነው።

2. መዝገቡን አጥሩ

«ከ300 ሰው 19» ስንል 300ው ማን ነው? አንድ ማታ ቡናዬን ይዤ ስሙን አንድ በአንድ አየሁት። አካውንቱን ያጠፋ አለ። ሁለት ስልክ ይዞ ሁለት ጊዜ የገባ አለ። ፈተናውን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የገባና ከግሩፑ መውጣት የረሳ ተማሪ ሞልቷል። ጫማ ሊሸጥ የገባም አላጣሁም። ባለፉት ስድስት ወራት ቢያንስ አንድ ጥያቄ የጻፈ፣ ያረመ ወይም ፋይል ያስተካከለ ሰው ስፈልግ በመጨረሻ የቀረኝ፣ በቅሬታ የተጨመረውን ይዞ፣ 43 ስም ነው። ተሳትፎ የሚለካው ከ43 እንጂ ከ300 አይደለም። ከ19ኙ ድምፅ ሰጪዎች ስንቱ ከእነዚህ መሃል እንደሆነ ደግሞ ማወቅ አልተቻለም፤ ፖሉ ስም አያሳይም ነበር።

ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ለቦርድ ምርጫው መራጭ የሚለይበት ወንፊት ይሄንኑ ይመስላል፤ በጠቅላላው ቢያንስ 300 አርትዖት፣ ከዚያም ውስጥ 20ው ከምርጫው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ገደማ የተሠራ መሆን አለበት። እንዲያም ሆኖ በ2021 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ድምፅ የሰጠው 6,873 ሰው፣ መምረጥ ከሚችሉት 10.2 በመቶው ብቻ ነበር፤ ያውም ከ2017ቱ ተሻሽሎ። ወንፊቱ መዝገቡን ያጠራል እንጂ ሰውን ከመቀመጫው አያስነሣም። በአንጻሩ በ2009 «የዊኪፔዲያ ጽሑፎች የሚለቀቁበት የፈቃድ ውል ይቀየር ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከ17,000 በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል። 25 አርትዖት ያለው ሁሉ መግባት መቻሉ በሩን አስፍቶታል፤ እኔ ግን የጥያቄው ባሕርይም ያገዘ ይመስለኛል። የሩቅ ቦርድ ማን እንደሚቀመጥበት ከመጠየቅና የገዛ ጽሑፍህ በምን ውል እንደሚኖር ከመጠየቅ የቱ እንደሚቀርብ ግልጽ ነው።

መዝገቡን ስትሠሩ አራት ዓምድ ይበቃል፦ ስም፣ የሠራው ሥራ፣ መጨረሻ የሠራበት ቀን፣ በምን እንደሚገኝ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ መዝገቡ የሚዘጋበት ቀን ጥያቄው ይፋ ከሚሆንበት ቀን በፊት ይሁን፤ አለዚያ ጉዳዩን የሰማ ሁሉ ጓደኛውን እየጎተተ ይገባል። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩን ለአምስት ቀን ለጥፉና ቅሬታ ተቀበሉ። እኔ በመጀመሪያው ዝርዝሬ ማታ ማታ ለተማሪዎች ኢንቦክስ መልስ የሚሰጠውን ልጅ ዘልዬው ነበር። ሥራው የትኛውም ፋይል ላይ አይታይም፤ ከእኔ ግን ሦስት እጥፍ ይሠራል። ቅሬታው ባይመጣ ኖሮ አፍሬ እቀር ነበር።

3. የምልዓተ ጉባኤውን ወለል በጥንቃቄ አስቀምጡ

ብዙ ስብስብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከእድር ወይም ከማኅበር ደንብ ላይ «ምልዓተ ጉባኤ የሚባለው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኝ ነው» የሚለውን ገልብጠን እናመጣለን። በአካል ለሚሰበሰብ እድር ይሠራል፤ የቀረ ይቀጣል፣ መዝገብ ይጠራል። የኦንላይን በጎ ፈቃደኛን ምን ብለህ ትቀጣዋለህ? አንድ አባላችን የምር «ሁለት ጊዜ ድምፅ ያልሰጠ ይውጣ» ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ብናደርገው ኖሮ የባዮሎጂ ጥያቄ የሚጽፍ አይቀረንም።

ከዚህ የባሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው። 200 መራጭ አለ እንበል፤ ወለሉ 101 ሰው ነው። 70 ሰው ይደግፋል፣ 35 ይቃወማል። ሁሉም ድምፅ ከሰጡ 105 ሞልቶ ሐሳቡ ያልፋል። ተቃዋሚዎቹ ግን ተነጋግረው ቤታቸው ቢቀሩ የተሰጠው ድምፅ 70 ብቻ ሆኖ ምርጫው ይፈርሳል። «አይ» ብሎ የመረጠ ይሸነፋል፣ ያልመረጠ ያሸንፋል ማለት ነው። ጣልያን ውስጥ ሕግ ለመሻር የሚደረግ ሕዝበ ውሳኔ የሚጸናው ከመራጮቹ አብላጫው ከተሳተፈ ብቻ ነው። በሰኔ 2005 በሰው ሠራሽ የመራቢያ ሕክምና ሕግ ላይ ድምፅ ሲሰጥ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪዎችና ሌሎች ተቃዋሚዎች ሰዉ እንዳይወጣ ቀሰቀሱ። የወጣው ሩብ ያህሉ ነበር፤ ከወጡት ውስጥ ብዙዎቹ «ይሻር» ቢሉም ሕግ አልተነካም።

መፍትሔው ወለሉን ከተሳታፊው ቁጥር ላይ አንሥቶ በደጋፊው ቁጥር ላይ መጣል ነው። በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራው የዴቢያን ፕሮጀክት ለብዙ ዓመታት እንዲህ ይሠራል። የአባላቱ ቁጥር ካሬ ሩት ይወሰዳል፣ ለሁለት ይካፈላል፣ በሦስት ይባዛል። በ1,000 አባል ሲሰላ 47.4 ይመጣል፤ ስለዚህ አንድ አማራጭ ካለው ሁኔታ አስበልጠው የሚመርጡት ቢያንስ 48 ሰዎች ካላገኘ ይወድቃል። የተቃወመ ሰው ቤቱ በመቅረቱ የሚያተርፈው ነገር የለም። ቀመሩ ደግሞ ስብስቡ ሲያድግ የሚጠይቀውን ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለ200 መራጭ 22፣ ለ80 መራጭ 14 ይሆናል።

እኛ ትንሽ ስለሆንን ጠበቅ አድርገነዋል፦ ለውጥ የሚያልፈው ደጋፊው ከተቃዋሚው ሲበልጥና ደጋፊው ከመዝገቡ ሲሶ ሲሞላ ነው። ለ43 ሰው 15 ድጋፍ ማለት ነው። የእናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል። ብቻ ጥያቄው ከመውጣቱ በፊት ይጻፍ፤ ውጤት ታይቶ የሚቀመጥ ወለል ወለል አይደለም።

4. ጥያቄውን አንድ ብቻ አድርጉት

የመጀመሪያው ፖላችን «በጽሑፍ መሥራት ትተን ወደ ቪዲዮ እንሂድ?» ሲል ሁለት ጥያቄ ጠይቋል። ቪዲዮ የሚወድ ግን ጽሑፉ እንዲቀር የማይፈልግ ሰው ምን ይጫን? እንዲህ ያለ ሰው ትቶት ያልፋል። ሁለተኛው ጊዜ እንዲህ ጻፍኩት፦

«ከመስከረም ጀምሮ የሒሳብና የፊዚክስ ማብራሪያ በቪዲዮ ይሁን? ካለፈ፦ በሳምንት አራት ቪዲዮ ይጠበቃል፣ የጽሑፍ ማብራሪያ ለሁለቱ ትምህርቶች ይቆማል፣ ፈቃደኛ የሆኑ አምስት ሰዎች ስም ከታች አለ። ካላለፈ፦ ያለው ይቀጥላል።» ምርጫው ሦስት፦ ይሁን፣ አይሁን፣ ድምፀ ተአቅቦ።

ድምፀ ተአቅቦን አትናቁት። «ሁለቱም አይገባኝም» የሚል ሰው መግቢያ ካጣ ከሌሉት ጋር ይቆጠራል፤ እናንተም ያላየው ማን እንደሆነ፣ አይቶ የተወው ማን እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል። እጩ ለመምረጥ ከሆነ ደግሞ ዴቢያን እንደሚያደርገው «ከእነዚህ አንዳቸውም አይሁኑ» የሚል መስመር ጨምሩ።

ጥያቄው ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውይይት ይሁን። ዴቢያን ለመሪው ምርጫ አንድ ሳምንት ለጥቆማ፣ ሦስት ሳምንት ለክርክር፣ ሁለት ሳምንት ለድምፅ ይሰጣል። የኛ ያህል ስብስብ ይሄን ሁሉ አይፈልግም።

5. ቀንና ሰዓት

«ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል» ብሎ መጻፍ ድምፅ ይበላል። አዲስ አበባ ያለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። ይሄ አሜሪካ በጋ በሚሆንበት ወራት ዋሽንግተን ከቀኑ 2 ፒኤም ላይ ነው። እዚያ ያለው ወንድማችን ግን «3» የሚለውን በፈረንጅ ሰዓት 3 ፒኤም ብሎ አንብቦት ከተዘጋ አንድ ሰዓት በኋላ ደረሰ። ይሄ የደረሰብን ነው። አሁን የምጽፈው በከተማ በከተማው ነው፦ «የሚዘጋው እሑድ፦ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ዱባይ 10 ፒኤም፣ ስቶክሆልም 8 ፒኤም፣ ዋሽንግተን 2 ፒኤም»። አሜሪካና አውሮፓ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ስለሚያዞሩ ያለፈውን መልእክት ገልብጣችሁ አትለጥፉ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

እኛ ሐሙስ ከፍተን በቀጣዩ ሳምንት እሑድ ማታ እንዘጋለን። ሁለት ዓርብ መያዙ የግድ ነው፤ ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥረው ከሚሠሩት እህቶቻችን አንዳንዶቹ ስልካቸውን ረጋ ብለው የሚይዙት በዕረፍት ቀናቸው ብቻ ነው። ቅዳሜ መዝጋት እስራኤል ያሉትን ሰንበት ላይ ይጥላቸዋል፤ እሑድ ጠዋት መዝጋት ቅዳሴ ያለበትን ያስቀራል። በፋሲካ፣ በረመዳን መጨረሻና በፈተና ሳምንት ድምፅ አትክፈቱ።

አንድ አንቀጽ ደግሞ ለኔትወርክ ይኑር። በ2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ተገድቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ኢንተርኔት ተቋረጠ። «ከመራጮቹ አንድ አምስተኛ በላይ ያሉበት ቦታ ኔትወርክ ከተቋረጠ የቀሩት ቀናት እስኪመለስ ይቆማሉ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። ያኔ የሚመጣ ማራዘሚያ አድልዎ አይመስልም።

6. በምን ይሰጥ

የቴሌግራም ፖል ለቀላል ጉዳይ ይበቃል። ለከባድ ጉዳይ ግን ሦስት ችግር አለበት። ስም አልባ ካደረጋችሁት አድሚኑም ማን እንደመረጠ አያይም፤ ሁለት አካውንት ያለው ሁለቴ ይመርጣል። ሰው ፖሉን ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ካደረገው እዚያ የሚሰጠው ድምፅም እዚሁ ይደመራል፤ አባል ያልሆነ ሰው ገባ ማለት ነው። ሦስተኛው ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው፦ የመረጠ ሰው ውጤቱን ወዲያው ያያል። ስም የሚያሳይ ከሆነማ ይሉኝታ ይገባበታል። የምናከብራቸው ጋሽዬ መጀመሪያ «ይሁን» ብለው ከተጫኑ ከእሳቸው በታች ማን «አይሁን» ይላል? የማይስማማው ዝም ብሎ ይወጣል፤ የተሳትፎው ቁጥርም አብሮት ይወርዳል።

ኢሜል የሚያይ ስብስብ ካላችሁ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሲአይቪኤስ የተባለ የድምፅ መስጫ ድረ ገጽ በነፃ ለእያንዳንዱ መራጭ የራሱን ሊንክ ይልካል፤ አማራጮችን በቅደም ተከተል ማስመረጥም ይችላል። የኛ ሰው ግን ኢሜሉን በወር አንዴ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ በጉግል ፎርም ይሄን እናደርጋለን፦

43 ኮድ ይዘጋጃል፤ አምስት አምስት ፊደል፣ ተከታታይ ያልሆነ። እኔ ለእያንዳንዱ ሰው በኢንቦክስ አንድ አንድ ኮድ እልካለሁ። ፎርሙ የሚጠይቀው ኮዱንና ምርጫውን ብቻ ነው። ፎርሙን የከፈተችውና መልሱን የምታየው ሌላ ሰው ናት፤ እሷ ዘንድ የኮድ ዝርዝር እንጂ ስም የለም፣ እኔ ዘንድ ስም እንጂ ድምፅ የለም። ሁለታችን ካልተመሳጠርን ማን ምን እንደመረጠ አይታወቅም። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች በጉዳዩ ላይ የሚከራከሩ ወገኖች የሚያምኗቸው ቢሆኑ፣ ቢቻል አንዱ ከአንዱ ወገን ቢሆን ይመረጣል። ኮዱ ሁለቴ ከመጣ የመጨረሻው ይቆጠራል። መዝጊያው ሰዓት ላይ ፎርሙ ይቆለፋል።

ዘዴው ሌላ ጥቅም አለው። ሰዎቹ የተጠቀሙባቸውን ኮዶች ብቻ፣ ያለ ምርጫቸው ስለምትልክልኝ ማን እንዳልመረጠ አውቃለሁ። ይሄ ለሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልጋል።

7. በስም ጥሩ

አላን ጌርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን በ1998 አሜሪካ፣ ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ ወደ 30,000 በሚጠጉ መራጮች ላይ ሙከራ አድርገው በ2000 አሳትመዋል። ቤት ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ማነጋገር ብዙ ሰው አስወጣ፤ በፖስታ የተላከው ወረቀት ጥቂት ጨመረ፤ የስልክ ጥሪው ምንም አልጨመረም። የቴሌግራም ግሩፕ የከተማ ምርጫ አይደለም፤ እኔ ያየሁት ግን በዚያው አቅጣጫ ነው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ታግ ማድረግ ያናድዳል። በኢንቦክስ፣ በስሙ፣ ሥራውን ጠቅሶ መጻፍ ያስነሣል፦

«ሰላም፣ እንዴት ነሽ? ያለፈው ሳምንት የላክሽው የኤሌክትሪክ ጥያቄ ተለቋል፣ አመሰግናለሁ። የቪዲዮው ጉዳይ እሑድ ይዘጋል፤ የምትጽፊው ትምህርት ስለሆነ የአንቺ ድምፅ ያስፈልገዋል። ኮድሽ ጠፍቶ ከሆነ ንገሪኝ።»

ወዴት እንደምትመርጥ አንድ ቃል የለበትም። እኔ የምልክበትን ቀን በአምስተኛው ቀንና በመጨረሻው ቀን ጠዋት ላይ ወስኜዋለሁ፤ ከሁለት በላይ ጭቅጭቅ ነው። 43 ሰው ለአንድ ሰው ይበዛል ካላችሁ አሥር አሥሩን ተከፋፈሉ።

ውክልና ፍቀዱ ብለው የሚጠይቁ ይመጣሉ። አንድ ሰው አንድ ውክልና ብቻ ይያዝ፣ ለአስመራጮቹም በጽሑፍ ይድረስ።

8. ውጤቱን ሙሉውን ንገሩ

በመቶኛ ብቻ አትናገሩ። መዝገቡ ስንት እንደነበር፣ ስንት እንደመረጠ፣ ስንቱ ድምፀ ተአቅቦ እንዳደረገ፣ ወለሉ ስንት እንደነበር፣ አሁን ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ ጻፉ። የተሸነፈው ወገን ያነሣውን ቁም ነገርም በአንድ መስመር አስቀምጡ። አንዴ መርጦ ምንም ሲሆን ያላየ ሰው ሁለተኛ ኮድ ስትልኩለት አይከፍተውም።

ወለሉ ካልሞላ ያለው ሁኔታ ይቀጥላል፣ ያው ጥያቄ ለሦስት ወር አይነሣም። በየሳምንቱ እስኪያልፍ ደጋግሞ ማቅረብ ሰው አሰልችቶ ማሸነፍ ነው።

የቪዲዮውን ጉዳይ በዚህ መንገድ እንደገና ስናቀርብ የለጠፍነው ይሄ ነው፤ እንዳለ ወስዳችሁ ቁጥሩን ቀይሩት፦

«መዝገብ ላይ ያሉ 43። ድምፅ የሰጡ 34። ይሁን 13፣ አይሁን 20፣ ድምፀ ተአቅቦ 1። ለማለፍ የሚያስፈልገው 15 ድጋፍና አብላጫ ነበር፤ አላለፈም። የጽሑፍ ማብራሪያው ይቀጥላል። የቀድሞው ፒን ተነሥቷል። ደጋፊዎች ‹ተማሪው ጽሑፍ አያነብም› ያሉት ነገር እውነትነት ስላለው በፈቃዳቸው መሥራት የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አሥር የሒሳብ ቪዲዮ ሠርተው ስንት ሰው እንዳየው ያመጣሉ። ቅሬታ ያለው እስከ ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት በአዲስ አበባ፣ በኢንቦክስ።»